የቆየ የኋላ ጎማ በአዲስ ሞተርሳይክል ላይ መግጠም፦ የሃርሊ ዴቪድሰን ምሳሌ

ከአሮጌ ሞተርሳይክል የተፈታን የኋላ ጎማ ወደ አዲሱ ማዛወር ባለ ሞተሮች ደጋግመው የሚሞክሩት ሥራ ነው። አንዳንዱ ዋጋ አስቦ ያደርገዋል፤ አብዛኛውን ግን የሚስበው መልክ ነው፤ ባለ ሽቦውን የድሮ ቸርኬ የወደደ ሰው አንድ ወጥ ሆኖ የተቀረጸውን አሉሚኒየም ዞሮም አያየው። ይህ ልውውጥ ከሚዘወተርባቸው ሞተሮች አንዱ የአሜሪካው ሃርሊ ዴቪድሰን ነው። መልኩ ከዓመት ዓመት እምብዛም ስለማይለወጥ ዕቃውም እንደዚያው የቆየ ይመስላል። አልቆየም።

እስከ 1999 እ.ኤ.አ. የተሠሩት ጎማዎች የሚዞሩት ቲምከን በሚባለው፣ ሾጠጥ ያሉ ሮለሮች ባሉት ኩሽኔታ ነው። ይህ ኩሽኔታ ልኬት ይፈልጋል። መካኒኩ በመሃል የሚገቡትን ቀለበቶች እየቀያየረ፣ ጎማው ወደ ጎን የሚኖረውን ክፍተት ከ0.05 እስከ 0.15 ሚሊሜትር ድረስ ያስተካክላል። ከጠበቀ ይግላል፣ ከላላ ይወዛወዛል። በ2000 ኩባንያው ወደ ዝግ የኳስ ኩሽኔታ ዞረና ይህን ሁሉ ጣጣ አስቀረ። የኋላ ፍሬን ዲስኩ የመሃል ቀዳዳም በዚያው ዓመት ስለተለወጠ፣ የ1999 ሞዞ የ2000ን ዲስክ አይቀበልም።

አክስሉ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። የድሮው ሦስት ሩብ ኢንች ነበር፤ 19 ሚሊሜትር ገደማ። ቀጥሎ በብዙ ሞዴሎች 1 ኢንች ሆነ፤ በ2008 ደግሞ ለረጅም መንገድ የሚሠሩት የቱሪንግ ሞተሮች ወደ 25 ሚሊሜትር ተሸጋገሩ። የሚያታልለው ይህ የመጨረሻው ነው። 1 ኢንች 25.4 ሚሊሜትር በመሆኑ፣ የ2008 አክስል በቀደመው ኩሽኔታ ውስጥ ያለ ምንም ትግል ያልፋል፤ ዳዶውም ጥብቅ ብሎ ይታሰራል። የቀረችው 0.4 ሚሊሜትር ግን ኩሽኔታው አክስሉ ላይ በልኩ እንዳይቀመጥ ታደርገዋለች። ደግነቱ ከ2000 እስከ 2007 በተሠሩት ሞዞዎች የኩሽኔታው የውጭ ስፋት 52 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ በውጭ ይኸው፣ በውስጥ 25 የሆነ ኩሽኔታ መቀየር ይበቃል። ከ2000 በፊት የተሠራውን ሞዞ የያዘ ሰው ግን ሥራው ይበዛበታል።

የጎማው ስፋት ያሰጋል ተብሎ ቢታሰብም ነገሩ ገር ነው። በ2009 ቱሪንግ ሞተሮች ላይ የመጣው የኋላ ጎማ 180/65 ባለ 16 ኢንች ሲሆን፣ ከቀደሙት የተለመደው አንዱ ከ130/90 ጋር የሚመጣጠን ነበር። የ180 65 በመቶ 117 ነው፤ የ130 90 በመቶም 117። ስለዚህ የጎማው ቁመት በስሌት እኩል ይወጣል፤ የሚጎድለው 50 ሚሊሜትር ወርድ ብቻ ነው፣ እሱም ከኋላ ለሚያይ ሰው ሞተሩን ያቀጥነዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የቺንጊያው ሰልፍ ነው። ሃርሊ ከ1980 ስተርጂስ ሞዴል ጀምሮ ጥርስ ያለው ቺንጊያ ሲጠቀም ቆይቷል፤ የኋላው ፑሌጃ ከፊተኛው ጋር ካልተሰለፈ ቺንጊያው አንዱን ጠርዝ እየታከከ ያልቃል። በ2008 ቱሪንግ ላይ ፑሌጃው በጎማ ትራስ ላይ እንዲያርፍ ስለተደረገ፣ በቀጥታ በቡሎን ለሚታሰረው የድሮ ሞዞ አይሆንም። የድሮውን ፑሌጃ ይዞ፣ በአክስሉ ላይ የሚገቡትን ስፔሰሮች ለክቶ ቶርኖ ቤት ማስቆረጥ ግድ ይሆናል። የፍሬን ካሊፐሩ አቀማመጥም በእነዚሁ ስፔሰሮች ይወሰናል።

ኤቢኤስ ያለው ሞተር ከሆነ አንድ ነገር ይጨመራል። ከ2008 ወዲህ በሃርሊ ላይ የጎማውን ፍጥነት ለኮምፒውተሩ የሚያሳውቀው፣ በአንደኛው ኩሽኔታ ውስጥ የተቀመጠ መግነጢሳዊ ቀለበት ነው። ተራ ኩሽኔታ ከገባ፣ ወይም ትክክለኛው ተገልብጦ ከተመታ፣ የኤቢኤስ መብራት ይበራል፤ ፍሬኑ ይሠራል፣ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚጠብቀው ሥርዓት ግን አብሮ አይኖርም። ይህን ኩሽኔታ ማግኔት ባለበት የሥራ ጠረጴዛ ላይ ማኖርም አይመከርም።

ጣጣው የሃርሊ ብቻ አይደለም። በካርዳን፣ ማለትም በሚሽከረከር ዘንግ፣ በሚነዱት የቢኤምደብሊው ሞተሮች ቺንጊያም ሰንሰለትም የለም፤ ችግሩ የሚመጣው ከቡሎኖቹ ነው። በ1980 የወጣው አር 80 ጂ/ኤስ የኋላ ጎማው በአንድ ጎን ብቻ በሦስት ቡሎን ይታሰራል፤ በ1987 የመጣው አር 100 ጂኤስ ግን በአራት።