ድምፅ አልባ ኩኩሉ

ሮብ ገበያ ላደግን ልጆች ጨዋታ ማለት ድምፅ ነው፡፡ ኩኩሉን አስታውሱት፡፡ ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ እንደ አውራ ዶሮ «ኩኩሉ!» ይላል፤ ተደባቂዎቹ «አልነጋም!» እያሉ ይመልሳሉ፤ ሁሉም ቦታ ቦታውን ሲይዝ ይነጋል፡፡ ድምፁን ካወጣችሁለት ጨዋታው የለም፡፡ የቡሄ ሰሞን ጅራፍም እንደዚያው ነው፡፡ የጅራፉ ጫፍ ከድምፅ ፍጥነት ሲያልፍ ያ ጩኸት ይወለዳል፤ ማን አሳምሮ እንዳጮኸ የሚፈርደውም ጆሮ ነው፡፡

ይህን ሁሉ የረሳነው ኮምፒውተር ፊት ስንቀመጥ ነው፡፡ ከጓደኞቻችን ጋር በፓይተን አንዲት ትንሽ የኩኩሉ ጨዋታ ሠራን፡፡ ሥዕሉ አለ፣ ዶሮዋ ትሮጣለች፣ ነጥቡ ይቆጠራል፡፡ ድምፁን ግን «በመጨረሻ እንጨምረዋለን» ብለን ተውነው፡፡ ለአንድ የሰፈር ልጅ ብናሳየው ትንሽ ነካክቶ «ተበላሽቷል እንዴ?» አለን፡፡ አፈርን፡፡

ታሪኩን ስናገላብጥ ቀደምቶቹ ከእኛ የተሻለ እንደገባቸው አየን፡፡ በ1972 እ.ኤ.አ. አታሪ ፖንግን ሲያወጣ፣ መሐንዲሱ አል አልኮርን ለድምፅ ብሎ የተለየ መሣሪያ አልገጠመም፡፡ ማሽኑ ለሥዕሉ ሲል ከሚያመነጫቸው ምቶች መርጦ ወደ ድምፅ ማጉያው አሻገራቸው፡፡ ኳሷ መመታቷን ጆሮ አወቀ፡፡ በ1978 ደግሞ የጃፓኑ ቶሞሂሮ ኒሺካዶ በስፔስ ኢንቬደርስ ውስጥ አራት ወፍራም ድምፆችን ደጋገመ፤ ጠላቶቹ ሲፈጥኑ ድምፁም ይፈጥናል፡፡ የተጫዋቹ ልብ አብሮ መሮጥ ጀመረ፡፡

እኛን የመሰለ ጀማሪ ግን እንዲህ ያለውን ነገር በቀላሉ የሚሞክርበት በር የተከፈተው በ2000 እ.ኤ.አ. ነው፡፡ ፒት ሺነርስ ኤስዲኤል በተባለው መሣሪያ ላይ ተንተርሶ ፓይጌምን ለፓይተን ሠራ፡፡ ፓይጌም ድምፅን በሁለት መንገድ ያስተናግዳል፡፡ አጭሩን፣ የጅራፉን ጩኸት በሉት፣ ሙሉ በሙሉ ማህደረ ትውስታ ላይ ይጭነዋል፤ በተጠራ ቁጥር ወዲያው ይጮኻል፡፡ እንዲህ ያሉ አጫጭር ድምፆች ካልተነካ በስተቀር በስምንት መስመር ጎን ለጎን ይሄዳሉ፡፡ ረጅሙን ሙዚቃ ግን ከፋይሉ ጥቂት በጥቂት እየቀዳ ያጫውተዋል፤ በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ፡፡

እኛማ «አጫውት» የሚለውን ትእዛዝ በሰከንድ ስልሳ ጊዜ በሚሽከረከረው ዑደት ውስጥ ከተትነው፡፡ አውራ ዶሯችን ተንተባተበ፡፡ ትእዛዙን ቁልፍ ከተነካበት ቅጽበት ጋር ስናስረው ዳነ፡፡

ዋናው ጥያቄ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ የማንን ድምፅ እንጫን? የአውራ ዶሮ ጩኸት በነጻ የሚሰጥ ሞልቷል፡፡ «አልነጋም!» የሚል የልጆች ድምፅ ግን ፈልገን አጣን፡፡ ስለዚህ በስልካችን ልንቀዳው ወጣን፤ የሰፈሩን ልጆች ሰብስበን፣ ወላጆቻቸውን አስፈቅደን፡፡ ሮብ ዕለት ገበያውንም ቀዳን፤ የአህያውን፣ የዋጋ ክርክሩን፡፡ ማሲንቆ ካስፈለገን አዝማሪውን መጠየቅና መክፈል አለብን፤ የ1996ቱ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ለከዋኙም መብት ሰጥቶታል፡፡

በ2018 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ ቅኔ ጌምስ የሸሸች ዶሮ የምትሮጥበትን «ኩኩሉ» የተባለ የስልክ ጨዋታ አውጥቷል፡፡ የቅኔ አገር ልጆች ስሙን ሰምተን ኮርተናል፡፡ ግን አንድ ጨዋታ አይበቃም፡፡ ልጆቹ ከሜዳ ወደ ስክሪን እየገቡ ነው፤ ድምፃችንን ካላስገባንላቸው እዚያ የሚጠብቃቸው የሌላ አገር ድምፅ ብቻ ነው፡፡

ያንን ልጅ ደግመን ጠራነው፡፡ ከኮምፒውተሩ «ኩኩሉ!» ሲል ሰማ፡፡ ቁልፉን ረስቶ በአፉ መለሰ፤ «አልነጋም!»