የፀረ ተባይ መድኃኒትና የአትክልት ገበሬው

ስዊሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ፓውል ሙለር እ.ኤ.አ. በ1939 የዲዲቲን ነፍሳት ገዳይነት አረጋገጠ፤ በ1948ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ይሁን እንጂ ይህ ቅመም በአፈርና በእንስሳት ስብ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይፈርስ እንደሚቆይ ሬቸል ካርሰን በ1962 ባሳተመችው መጽሐፍ ለሕዝብ አስረዳች። አሜሪካም በ1972 ለእርሻ እንዳይውል ከለከለች።

በምትኩ የተስፋፉት እንደ ፓራታይዮን ያሉ የፎስፈረስ ውሁዶች በአፈር ውስጥ ፈጥነው ይፈርሳሉ፤ ነገር ግን የሰውን ነርቭ ያውካሉ፣ በቆዳም ዘልቀው ይገባሉ። እንግዲህ አደጋው ከወንዙና ከአእዋፉ ወደ ረጪው ገላ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም።

በአገራችን በ1990 የወጣው ልዩ ድንጋጌ፣ ኋላም በ2010 የወጣው አዋጅ ቁጥር 674 የመድኃኒቱን ምዝገባና ቁጥጥር ደንግገዋል። ምዝገባ ግን ብቻውን በዝዋይና በመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማውን ገበሬ አይጠብቀውም። በጀርባ የሚታዘል መርጫ ካንጠባጠበ መርዙ የሚወርደው በተሸካሚው ወገብ ላይ ነው። በመለኪያ ፈንታ በግምት የተቀዳ መድኃኒት፣ ያለ ጓንት የተበጠበጠ ውሕድ፣ ርጭቱ ቀኑን ሳይጨርስ የተለቀመ ቲማቲም ጉዳታቸው ከገበሬው ቤት እስከ ገበያተኛው ማዕድ ይደርሳል።

ስለዚህ የማያፈስ መርጫ፣ ትክክለኛ መለኪያና በገበሬው ቋንቋ የተጻፈ መመሪያ ማቅረብ ከሕጉ ቀጥሎ የሙያችን ድርሻ ነው።