ሐይቅ በታኅሣሥ
ስለ ውሃ ሙቀትና ስለ ዓሣ መዋያ

በአምቦ ከተማ የሚያልፈው የሁሉቃ ወንዝ መነሻው የደንዲ ተራራ ሐይቅ ነው። ሐይቁ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ፣ ሁለት ክብ ገንዳዎች ተገናኝተው የ8 ቁጥርን መልክ የሠሩበት፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኝ ነው። መንገደኛ ውበቱን አድንቆ ያልፋል። የሚያደንቀው ግን ፊቱን ብቻ ነው፤ የዓሣው ሕይወትና ሞት የሚወሰነው ከፊቱ በታች ነው። ይህን ለመረዳት ከደንዲ ወርዶ እስከ ቢሾፍቱ መጓዝ ያስፈልጋል፤ የአገራችን የእሳተ ገሞራ ሐይቆች ሆድ ቀደም ብሎ በቴርሞሜትር የተመረመረው እዚያ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ፕሮሰር፣ ዉድና ባክስተር የተባሉ ምሁራን እነዚህን ሐይቆች መለካት ያዙ። የቢሾፍቱ ሐይቅ 87 ሜትር፣ ባቦጋያ 65 ሜትር ጥልቀት እንዳላቸው ታወቀ። የጥልቀቱ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1968፣ ስለ ወቅቶች ሙቀት የጻፉት ደግሞ በ1976 ታተመ። ያገኙት ውጤት የአውሮፓን ሐይቆች በመጽሐፍ ለተማረ ሰው እንግዳ ነበር። እዚያ በረዶ አለ፤ በበጋ በላዩና በታቹ ውሃ መካከል የሚኖረው ልዩነት ከ10 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። በቢሾፍቱ ግን ልዩነቱ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ይህች ጥቂት ዲግሪ ታላቅ ሥራ ትሠራለች። ሞቃት ውሃ ቀላል፣ ቀዝቃዛው ከባድ ነው፤ የአንድ ዲግሪ ለውጥ የሚያመጣው የክብደት ልዩነትም በ20 ዲግሪ አካባቢ ባለ ውሃ፣ በ4 ዲግሪ አካባቢ ካለው ከ20 እጥፍ በላይ ይበልጣል። ስለዚህ የሞቀው ውሃ በቀዘቀዘው ላይ እንደ ዘይት ተንሳፍፎ ለወራት ይቆያል። ብርሃንና ኦክሲጅን ከላይ ይቀራሉ፤ ከታች የሚሰምጠው ብስባሽ ያለውን ኦክሲጅን ይጨርስና የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይጠራቀማል። ቆሮሶ ወደ ጥልቁ የማይወርደው ብርዱን ፈርቶ ብቻ አይደለም፤ የሚተነፍሰው አጥቶ ነው። ከ87 ሜትሩ ለእርሱ የተፈቀደለት የላይኛው ስስ ክፍል ነው።

ከዚያ ኅዳር ይገባል። ሰማዩ ይጠራል፣ አየሩ ይደርቃል፣ ሌሊቱ ይበርዳል። የላይኛው ውሃ እየቀዘቀዘ ይከብዳል፤ እየከበደም ይሰምጣል። በታኅሣሥና በጥር ከላይና ከታች ያለው ሙቀት ሲስተካከል፣ ሁለቱን የለየው ነገር ይጠፋል። እኛ ቴአትር ሠሪዎች መጋረጃ በምልክት እንዲነሣ እንሻለን፤ የሐይቅ መጋረጃ ግን ነፋስ በበረታበት በአንድ ሌሊት ሳይታሰብ ሊነሣ ይችላል። ከታች የታመቀው መጥፎ ውሃ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቆሮሶው አፉን በውሃው ፊት ላይ ከፍቶ አየር ይለምናል። በባቦጋያ እንዲህ ያለ የዓሣ እልቂት መድረሱ ተመዝግቧል። ዳርቻው በሞተ ዓሣ ተሸፍኖ ያየ ሰው መርዝ የጨመረ ጠላት ቢፈልግ አይፈረድበትም። አምባዛ ከአየር ለመተንፈስ የሚረዳ ተጨማሪ አካል ስላለው እንዲህ ያለውን ቀን ከቆሮሶ በተሻለ ይችለዋል።

ነገሩ ወደ አምቦ ስንመለስ ይከብዳል። ደንዲ ከቢሾፍቱ ሐይቆች በ1,000 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ጎረቤቱ ወንጪም እንዲሁ ደገኛ ነው። የታኅሣሥ ሌሊት በዚያ ከፍታ ምን እንደሆነ ጋቢ ለብሶ ያደረ ያውቀዋል። የቆሮሶ መራባት ደግሞ ውሃው ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ ይዳከማል። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ አድርጎ ከመረጠ ወዲህ እንግዳው በዝቷል፤ እንግዳም ዓሣ ይጠይቃል። በቢሾፍቱ አጠገብ በኩሪፍቱ ሐይቅ በመረብ ሣጥን ዓሣ የማርባት ሙከራ መደረጉ ይታወቃልና፣ አንድ ቀን ይህንኑ በደጋው ሐይቅ የሚያስብ አይጠፋም። በሣጥን የተዘጋ ዓሣ ግን ነፃው እንደሚያደርገው አየር ወዳለበት ወደ ጅረት አፍ መሸሽ አይችልም። ሣጥኑ የት ቦታ፣ በምን ያህል ጥልቀት ይንጠልጠል ለሚለው፣ በሚያዝያ ቀትር የተወሰደ ልኬት አይበቃም፤ በታኅሣሥ ሌሊት ከጀልባ ቴርሞሜትር የሚያወርድ ሰው ያስፈልጋል።