የኤም ስትሪት ትምህርት ቤትና የሮማይስጥ ክርክር

ሰውን ዝቅ አድርጎ ሊገዛ የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ መጽሐፍ ይነፍገዋል፤ መጽሐፍ ያነበበ ሰው ለመገዛት አይመችምና። በአሜሪካ ባርነት ጸንቶ በነበረበት ዘመን በአያሌ የደቡብ ግዛቶች ባሪያን ፊደል ማስቆጠር በሕግ የተከለከለው ስለዚህ ነው። በ1865 ዓ.ም. (እዚህ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ባርነት ከአገሩ ሁሉ ሲሻር፥ ነጻ የወጡት ሰዎች ከእርሻ መሬት ጋር አጥብቀው የለመኑት ትምህርት ቤትን ነበር። ነገር ግን ወዲያው ሌላ ጥያቄ ተነሣ፤ ይኸውም «ይማሩስ፤ ነገር ግን እስከ ምን ድረስ?» የሚል ነው። በዋሽንግተን ከተማ የነበረ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ ሊታወቅ የሚገባው ነው።

ትምህርት ቤቱ በ1870 በዐሥራ አምስተኛው መንገድ በሚገኘው የፕሬስቢቴርያን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ተከፈተ። በአገሩ ለጥቁሮች ልጆች ከቆሙት የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያው እርሱ ነው። ከቀደሙት አለቆች አንዷ ሜሪ ጄን ፓተርሰን ነበሩ፤ እርሳቸውም በ1862 ከኦበርሊን ኮሌጅ ተመርቀው ከጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች የባችለርን ማዕረግ በመቀበል የመጀመሪያዋ ሆነዋል። ከሃርቫርድ ኮሌጅ የመጀመሪያው ጥቁር ምሩቅ ሪቻርድ ግሪነርም ለጥቂት ጊዜ አስተዳድረውታል። በ1891 ኤም በሚባለው መንገድ ዳር አዲስ ሕንጻ ስለ ተሠራለት ስሙ «ኤም ስትሪት» ተባለ።

በዚያ ዘመን በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የነበረው የመምህርና የተማሪ ሥርዓት ጥብቅ ነበር። ተማሪው ትምህርቱን በቤቱ አጥንቶ ይመጣል፤ በክፍል ስሙ ሲጠራ ከወንበሩ ተነሥቶ ከቄሣር መጽሐፍ ጥቂት መስመር በሮማይስጥ፥ ማለት በላቲን ቋንቋ፥ ያነባል፤ ግሡን ያረባል፥ ባለቤቱንና ተሳቢውን ለይቶ ያሳያል፥ ከዚያም በእንግሊዝኛ ይተረጉማል። ከቄሣር ወደ ሲሴሮ፥ ከሲሴሮ ወደ ቨርጂል ይሸጋገራል። በጂኦሜትሪም ሰዓት ወደ ጥቁሩ ሰሌዳ ወጥቶ ነገሩን በማስረጃ ያጸናል። ይህ ሁሉ ለጌጥ አልነበረም። ታላላቆቹ ኮሌጆች በሮማይስጥና በሒሳብ ሳይፈትኑ አይቀበሉም ነበርና፥ ሮማይስጥን ከአንድ ትምህርት ቤት ማስቀረት የኮሌጁን በር በልጆቹ ላይ መዝጋት ነበር።

ክርክሩም የተነሣው በዚህ ላይ ነው። በ1881 በአላባማ የተስኪጊን ትምህርት ቤት የመሩት ቡከር ቲ ዋሽንግተን ሕዝባቸው አስቀድሞ የእጅ ሥራንና እርሻን ተምሮ በሀብት እንዲቆም ይመክሩ ነበር። ምክሩ ከንቱ አልነበረም፤ የተራበ ሰው በሲሴሮ ንግግር አይጠግብም። ነገር ግን ሌሎች ሰዎች ምክሩን ይዘው፥ ለጥቁር ልጅ ከእጅ ሥራ የሚያልፍ ትምህርት አያስፈልገውም ወደሚል ፍርድ ወሰዱት። ምክርና ፍርድ ግን አንድ አይደሉም፤ ምክር ለዛሬ ችግር ይሆናል፥ ፍርድ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። የታሪክ ሊቁ ደብልዩ ኢ ቢ ዱቦይስም በ1903 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን አጥብቀው ተከራከሩ። ትምህርት ቤቱ ራሱ ግን ከዚያ አስቀድሞ በሥራ መልሶ ነበር፤ በ1899 በከተማው በተሰጠ ፈተና የኤም ስትሪት ተማሪዎች ከሦስቱ የነጮች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሁለቱን በለጡ።

በ1902 አለቃ ሆነው የተሾሙት ወይዘሮ አና ጁልያ ኩፐር ነበሩ። እርሳቸው በ1858 በኖርዝ ካሮላይና በባርነት ተወልደው፥ በኦበርሊን ለወንዶች የተመደበውን ከባድ ትምህርት መርጠው ተምረዋል። በእርሳቸው ዘመን ተማሪዎቹ ወደ ሃርቫርድ፥ ወደ ብራውንና ወደ ሌሎች ስመ ጥር ኮሌጆች ገቡ። የትምህርቱ መጠን ዝቅ ይበል ሲባልም እንቢ አሉ። በ1905 ክስ ተነሣባቸው፤ በ1906 የትምህርት ሸንጎው ሹመታቸውን ሳያድስ ቀረ። ወደ ሚዙሪ ሄደው ካስተማሩ በኋላ በ1910 ተመለሱ፤ በአለቅነት ባዘዙበት ቤትም ተራ የሮማይስጥ መምህርት ሆነው ማስተማርን አልናቁም። በ1925 ስለ ባርያ ፍንገላ ሳይሆን ፈረንሳይ በአብዮቷ ዘመን ስለ ባርነት ስለ ነበራት አቋም በጻፉት መጽሐፍ ከፓሪስ ሶርቦን የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበሉ፤ ዕድሜያቸውም ያን ጊዜ ከ65 ዓመት አልፎ ነበር። ያረፉት በ1964 በ105 ዓመታቸው ነው።

ትምህርት ቤቱ በ1916 ወደ ሌላ ሕንጻ ተዛውሮ በባለቅኔው በፖል ሎረንስ ደንባር ስም ተጠራ። በ1921 የዶክተርነት ማዕረግ የተቀበሉት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ሁሉ፥ አንዳንዶቹ በተማሪነት፥ አንዳንዶቹም በመምህርነት፥ ከዚህ ቤት ጋር የተያያዙ ነበሩ። እንዲህ ያሉ ሊቃውንት ለልጆች ሰዋስው ሲያስተምሩ የኖሩት ግን የዩኒቨርሲቲዎች በር ለጥቁር መምህር ስለ ተዘጋ ጭምር ነው። ከተማሪዎቹም መካከል የደም ፕላዝማን የማቆየት ዘዴ ያሻሻሉት ሐኪም ቻርልስ ድሩ፥ የመጀመሪያው ጥቁር የፌዴራል ዳኛ ዊልያም ሄስቲ፥ የሕግ ሊቁም ቻርልስ ሃሚልተን ሂውስተን ይገኛሉ።

ሂውስተን በ1911 ከኤም ስትሪት ወጥተው፥ ዘርን ከዘር የሚለየውን ሕግ በፍርድ ቤት የሚያፈርሱ ጠበቆችን አሠለጠኑ። እርሳቸው በ1950 ቢሞቱም በ1954 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ሕጉን ሻረው። ያ ውሳኔ ግን ለደንባር ሌላ ነገር አስከተለ። ቀድሞ ከከተማው ሁሉ ተማሪ ይቀበል የነበረው ቤት የአካባቢው ልጆች ብቻ የሚገቡበት ሆነ፤ ሊቃውንቱም ሌላ በር ስለ ተከፈተላቸው በዚያ ብቻ መወሰናቸው ቀረ፤ የቀድሞ ማዕረጉም ዝቅ አለ። የ1916ቱ ሕንጻ በ1977 ፈረሰ፤ የአሁኑ በ2013 ተከፈተ።

ከዚህ የተነሣ የመለያየት ዘመን ለትምህርት ይሻል ነበር የሚል ቢኖር ነገሩን አላስተዋለም። ግንቡ ሊቃውንቱን በአንድ ቤት አጐራቸው እንጂ ሊቃውንት አላደረጋቸውም። ተማሪውን ያበቃው፥ መምህሩ ልጁን «ይህ ለአንተ ይከብድሃል» ሳይለው በቨርጂል መጽሐፍ ፊት ማቆሙ ነው። ለልጅ የሚሰጠው ትምህርት መጠን፥ ሰጪው ልጁን ስንት እንደሚገምተው የሚለካበት ሚዛን ነውና፥ ሚዛኑን ዝቅ የሚያደርግ ሁሉ አስቀድሞ በሰውየው ላይ ፈርዷል።