የአንጀል ሳጥን እና ጋይንት ያልደረሰው ጠመንጃ

የካውቦይ ፊልም የምትወዱ ሰዎች «ዘ ዋይልድ በንች»ን ሳታውቁት አትቀሩም። ሳም ፔኪንፓ እ.ኤ.አ. በ1969 የሠራው ነው። ያረጁ ሽፍቶች ከአሜሪካ ሸሽተው ሜክሲኮ ይገባሉ። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1913 ነው፤ ሜክሲኮ በጦርነት ትታመሳለች። ማፓቼ የሚባል ጨካኝ ጄኔራል ወርቅ እከፍላችኋለሁ ይላቸውና ከአሜሪካ ጦር ባቡር ላይ ጠመንጃ ዘርፈው ድንበር ሊያሻግሩለት ይዋዋላሉ። ከመካከላቸው አንጀል የሚባለው የሜክሲኮ ልጅ ግን መንደሩን ማን እንዳራቆታት ያውቃል። ስለዚህ የወርቅ ድርሻውን ትቶ በምትኩ አንድ ሳጥን ጠመንጃ ለመንደሩ ሰዎች ይጠይቃል። ሳጥኑ ይደርሳቸዋል። አንጀል ግን በዚያው ሳጥን ሰበብ ተይዞ በጄኔራሉ መኪና ይጎተታል፤ በኋላም ይታረዳል።

ብዙ ተመልካች የሚያስታውሰው የመጨረሻውን የተኩስ እሩምታ ነው። እኔን የምትከነክነኝ ግን ያቺ ሳጥን ናት። የእኛም ታሪክ ጠመንጃ ድንበር በማሻገር የተሞላ ነው፤ ለመንደር የተባለ ሳጥን ግን ፈልጌ ላገኝ አልቻልኩም። እስቲ ከድንበር ራቅ ካለ አገር ሆነን እንየው፦ ከጉና ተራራ ወዲያ፣ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ። (እዚህም እዚያም ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ ሲለይ እነግራችኋለሁ።)

አጼ ቴዎድሮስ በር አልነበራቸውም። ምጽዋ በቱርክ፣ ቀጥሎ በግብጽ እጅ ነበረች። ከባሕር የሚመጣ መሣሪያ ሁሉ የሌላ ሰው ፈቃድ ይጠይቃል። በጥቅምት 1855 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ማጣቱን፣ አውሮፓውያኑም መታሰራቸውን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረናል። ብዙም የማይወራው በኋላ የሆነው ነው። በ1858 ንጉሡ ሚሲዮናዊውን ፍላድን ባለሙያ እንዲያመጣ ወደ እንግሊዝ ላኩት። የእንግሊዝ መንግሥትም ባለሙያዎች ቀጠረ፣ ማሽን ገዛ፣ ምጽዋ ድረስም አደረሰ! ከዚያ ሁሉም እዚያው ቆመ። እንግሊዞች «መጀመሪያ እስረኞቹ ይለቀቁ» አሉ፤ ቴዎድሮስ «መጀመሪያ ዕቃው ይምጣ» አሉ። ማሽኑ ደጋውን ሳያይ ተመለሰ።

በር የሌለው ሰው ቤቱ ውስጥ ይሠራል። በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሚሲዮናውያኑ መድፍ ቀለጡ። ከሁሉ የገዘፈው ሴባስቶፖል ወደ 70 ኩንታል ይመዝን ነበር። ይህ ኩራታችን ነው፤ አደባባይ ላይ ሐውልት አቁመንለታል። ሒሳቡን የከፈለው ማን እንደሆነ ግን አደባባዩ ላይ አልተጻፈም። በኅዳር 1859 ጎንደር ተቃጠለች። የበጌምድር ገበሬ ጎተራው በተደጋጋሚ ስለተዘረፈ ሸፈተ። በ1859 መጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ በበጌምድር የሚያዙት ደብረ ታቦርንና ዙሪያዋን ብቻ ያህል ነበር።

በጥቅምት 1860 ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። መንገድ የለም። መንገዱ መድፉን እየቀደመ ይቆረጣል፤ ንጉሡ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። በጋይንት በኩል፣ በጨጨሆ ጠባብ አፋፍ፣ ከዚያም በዋድላ፣ በጅጣ ገደል፣ በደላንታ። ወደ ስድስት ወር የሚጠጋ ጉዞ! ዛሬ በአውቶቡስ ከደብረ ታቦር ጨጨሆ በግማሽ ቀን ትደርሳላችሁ፤ መንገዱንም የአገሬው ሰው «የቻይና መንገድ» ይለዋል።

መቅደላ ደርሶስ? ሚያዝያ 3 ቀን 1860 በአሮጌ ውጊያ ከትልልቆቹ መድፎች አንዱ በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። ከፊት ለፊት የእንግሊዝ ጦር ስናይደር የተባለውን አዲስ ጠመንጃ ይዞ ነበር፤ ይህ ጠመንጃ በጦርነት የተሞከረውም እዚያ ነው። «ስናድር» የምትለው የአማርኛ ቃል ጥይቷን ተከትላ የመጣች ትመስለኛለች። (በነገራችን ላይ «ውጅግራ»ም የሰው ስም አለበት፤ ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» ይሉት የነበረ ነው፣ ግራ የተባለ መኮንን የሠራው። ገበሬያችን የማያውቃቸውን የአውሮፓ መኮንኖች ስም በየቀረርቶው ሲያነሣ ኖሯል።)

እንግሊዞች ሲወጡ ለትግሬው ካሳ መድፎችና በመቶዎች የሚቆጠር ጠመንጃ ትተው ሄዱ። ለምን ለእሳቸው? መንገዱ በደጃቸው ስለሚያልፍ ነው። በሐምሌ 1863 ካሳ አሳም ላይ በቁጥር የሚበልጣቸውን የአጼ ተክለ ጊዮርጊስን ጦር አሸንፈው አጼ ዮሐንስ ሆኑ። ምኒልክም የታጁራ በር ነበራቸው፤ ገጣሚው አርቱር ራምቦ በ1879 ጠመንጃ የነዳላቸው በዚያ በኩል ነው፣ እሱም ፈቃድ ሲጠብቅ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ታጁራ ከተቀመጠ በኋላ። በር የያዘ ነገሠ፤ ደጋው መሐል ያለው ገበረ።

የጣሊያን ጊዜ ደግሞ ከፊልሙ ይበልጥ ፊልም ነው። በ1927 ወረራው ሲቃረብ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። አንደኛው ወገን የራሱ ፋብሪካ እንዳለው ረስተውት አይደለም። በአምስቱ ዓመት አርበኞች የሱዳን ድንበር አጠገብ ሆነው ቢጮኹም እንግሊዝ በ1931 ለጣሊያን ግዛት እውቅና ሰጥታ ዝም አለች። ሰኔ 3 ቀን 1932 ሙሶሊኒ በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ሲያውጅ ግን በሩ ተከፈተ! ከካርቱም ለአርበኞች መሪዎች «መጥታችሁ መሣሪያ ውሰዱ» የሚል ደብዳቤ ተላከ። ነሐሴ 6 ሳንድፎርድ ድንበር ተሻገረ፤ ጥር 12 ቀን 1933 ጃንሆይ በኦሜድላ ገቡ። ለዘመቻው 15,000 ያህል ግመል ተሰብስቦ አዲስ አበባ የደረሰው 53 ብቻ እንደነበር ዊንጌት ጽፏል።

መጀመሪያ የመጣው ጠመንጃ ብዙው አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ያረጀ ነበር። እሱም ቢሆን የሚደርሰው ለቅርቡ ነው፤ ለጎጃም፣ ለእነ ውብነህ ተሰማ (አሞራው) አርማጭሆ። ለጋይንትና ለእስቴ ሰው ግን በመሐል ጣና አለ፣ ጉና አለ፣ የጣሊያን ምሽግ አለ። ለእሱ የቅርቡ መሣሪያ ግምጃ ቤት ደብረ ታቦር ያለው የጠላት ምሽግ ነበር። ጠመንጃ የሚገኘው ጠመንጃ የያዘውን ገድሎ ነው። የደብረ ታቦር ምሽግ በ1933 ክረምት፣ የጎንደሩ ኅዳር 18 ቀን 1934 እጅ ሰጡ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተገለበጠ። ዛሬ በሬ ሸጦ ክላሽ የገዛ ገበሬ በጋይንት ብርቅ አይደለም። በነሐሴ 2013 የትግራይ ኃይሎች ከጋሸና በጨጨሆ አድርገው ነፋስ መውጫ ገቡ፤ ቴዎድሮስ መድፉን የጎተቱበትን መስመር በተቃራኒው ይዘው። ተዋጊዎቹ በከተማዋ ሴቶች ላይ የፈጸሙትን አምነስቲ ኢንተርናሽናል መዝግቦታል። ገበሬውም የገዛውን ክላሽ ይዞ ወጣ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ በክልሉ «መሣሪያ ፍቱ» ተባለ፤ በነሐሴ 2015 ሌላ ጦርነት ተነሣ፣ በዚህኛው ደግሞ በሁለቱም ወገን ያለው ሰው በአማርኛ ይተኩሳል።

በፊልሙ የአንጀል መንደር ሰዎች ሳጥኑን ሊወስዱ በሌሊት ሲመጡ ኮቴያቸው አይሰማም፤ ሽፍቶቹ እንኳ የነቁት ከተከበቡ በኋላ ነው። ሳጥኑን ይሸከማሉ፣ ወደ ተራራቸው ይመለሳሉ። ፔኪንፓ ተከትሏቸው አልሄደም።