አሌክሳንድሪያ ኮረብታ ላይ ያለው የፍሪሜሶኖች ግንብ

ከዋሽንግተን ዲሲ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ፣ ኪንግ ስትሪት ባቡር ጣቢያ የወረደ ሰው ኮረብታው ላይ የቆመውን ግንብ ሳያይ አያልፍም። ቁመቱ 101 ሜትር ሲሆን የተሠራው የግብፅዋን አሌክሳንድሪያ ጥንታዊ የመርከብ መብራት ማማ በአርአያነት በመውሰድ ነው። የመሠረት ድንጋዩ እ.ኤ.አ. በ1923 ተጥሎ፣ በ1932 ተመርቋል። በከተማዋ በርካታ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ከመግባቴ በፊት ከጠየቅኳቸው የሀገር ልጆች አንዱ «ሙዚየም ነው» ሲለኝ፣ ሌላው አማትቦ ዝም አለኝ።

ቤቱ የጆርጅ ዋሽንግተን ፍሪሜሶናዊ መታሰቢያ ነው። ፍሪሜሶኖች «ሎጅ» የሚሉት ሕንፃውን ሳይሆን የአባላቱን ማኅበር መሆኑን እዚህ ላይ ልብ ይሏል። አባሉ ከተለማማጅነት ተነስቶ፣ በባለሙያነት አልፎ ሦስተኛው ማዕረግ ላይ ይደርሳል። ምልክቶቻቸው ለእኛ እንግዳ አይደሉም፤ የትኛውም የአዲስ አበባ ግንበኛ በከረጢቱ የሚይዛቸው ቱምቢ፣ ውሃ ልክና እስኳድራ ናቸው። ቱምቢው ቀጥተኛነትን፣ ውሃ ልኩ እኩልነትን ያስተምራል ይላሉ።

እኔን ረዥም ጊዜ ያቆመኝ የሎጅ ቁጥር 22 የድሮ አዳራሽ ቅርስ የተቀመጠበት ክፍል ነው። ይህ ሎጅ በ1788 ከቨርጂንያ ፈቃድ ሲያገኝ ሊቀመንበሩ ዋሽንግተን ነበር። የሊቀመንበሩ ወንበር የሚቀመጠው በምሥራቅ በኩል ነው፤ ፀሐይ የምትወጣበት አቅጣጫ ስለሆነ። ዋሽንግተን በ1793 የካፒቶልን የመሠረት ድንጋይ ሲያኖር የያዘው የብር የግንበኛ ማንኪያ የዚህ ሎጅ ንብረት ነው። ከሁሉ የሚገርመው ግን የቆመ ሰዓት ነው። ታኅሣሥ 14 ቀን 1799 ዋሽንግተን ሲሞት፣ ካከሙት ሦስት ሐኪሞች አንዱ የነበረው ኤሊሻ ዲክ የመኝታ ክፍሉን ሰዓት አቆመው። ከምሽቱ 4፡20 ላይ እንደቆመ ነው (በፈረንጆቹ 10፡20)። ዲክ በወቅቱ የሎጁ ሊቀመንበር ስለነበር፣ ከአራት ቀን በኋላ በቀብሩ ላይ የማኅበሩን ሥርዓት የፈጸመውም እሱው ነው።

ማማው ወደ ላይ እየጠበበ ስለሚሄድ ሊፍቱ ዘመም ብሎ ነው የሚወጣው። ላይኛው ክፍል ከአንዱ ቅርንጫፋቸው አዳራሽ ስገባ የቃል ኪዳኑ ታቦት አምሳያ ተቀምጦ አየሁ። መጋረጃ የለው፣ መንበር የለው! ሌሎቹ ጎብኚዎች ፎቶ ሲያነሱ እኔ ወደኋላ አፈገፈግኩ። ለእነሱ የሰሎሞንን ቤተ መቅደስ ታሪክ ማስተማሪያ ነው፤ ለእኛ ግን እንዲህ የሚታይ ነገር አይደለም።

ስለ ምስጢራቸው ብዙ ይወራል። የሮማው ጳጳስ ክሌመንት 12ኛ በ1738 ካቶሊኮች እንዳይቀላቀሏቸው አውግዘዋል። ሥርዓታቸው ግን ለንደን ውስጥ ገና በ1730 በመጽሐፍ ታትሞ ተሸጧል። ስለዚህ ዓለምን በስውር ይገዛሉ የሚለው ወሬ ለእኔ ብዙም ሚዛን አይደፋም።

ሚዛን የሚደፋው ሌላ ነው። «ወንድማማችነት» የሚለውን ቃል እየሰማሁ ከኮረብታው ስወርድ፣ ብዙም ሳልርቅ ዱክ ጎዳና ላይ ፍራንክሊንና አርምፊልድ የተባሉ ነጋዴዎች ከ1828 ጀምሮ ባሪያ ይሸጡበት የነበረው ቤት አለ። ዛሬ ሙዚየም ነው። ፕሪንስ ሆል የተባለ ጥቁር አሜሪካዊና 14 ጓደኞቹም በ1775 ቦስተን ላይ ፍሪሜሶን የሆኑት በእንግሊዝ ጦር ውስጥ በነበረ ሎጅ በኩል ነው። የራሳቸውን ሎጅ ለማቋቋም በ1784 ፈቃዱን የሰጣቸው ለንደን ነበር። አብዛኞቹ የአሜሪካ ነጭ ማኅበራት በፕሪንስ ሆል ስም የተደራጁትን ጥቁር ወንድሞቻቸውን እውቅና ለመስጠት ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ፈጅቶባቸዋል።