ተማሪ መምህሩን ሲመዝን

መምህር ተማሪውን ሲፈትን መኖሩ የታወቀ ነው። ተማሪው በተራው መምህሩን እንዲመዝን መጠየቁ ግን ለብዙ ሰው የዘመናችን ፈሊጥ ይመስለዋል፤ ይሁን እንጂ ነገሩ የቈየ ታሪክ አለው። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዓመት በኢጣልያ አገር በቦሎኛ ከተማ ሕግ ለመማር ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች ማኅበር አቁመው፥ መምህራኑን በገንዘባቸው ይቀጥሩ ነበር። መምህሩ ለተማሪዎቹ አለቃ ሊታዘዝ ይምላል፤ ደወል ሲደወል ይጀምራል፥ ሁለተኛው ደወል ሲሰማ ያቆማል። ያለ ፈቃድ አንዲት ቀን እንኳ መቅረት አይችልም፤ ከከተማው መውጣት ቢያስፈልገው እንደሚመለስ ማረጋገጫ የሚሆን ገንዘብ ያስይዛል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው በመደበኛው ትምህርት አምስት ሰሚ ያላገኘ መምህር እንደ ቀረ ተቈጥሮ መቀጫ መክፈሉ ነው። እንግዲህ በዚያ ዘመን መመዘኛው የተማሪው እግር ነበር። በእኛም አገር የቅኔ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ከዋድላ ወደ ዋሸራ፥ ዝናው ወደ ተሰማ መምህር ሲጓዝ መመዘኑ አልቀረም፤ የኛ መምህራን ከመቀጫው ብቻ ድነዋል። በቦሎኛ ከተማው ራሱ ደመወዝ መክፈል ከጀመረ በኋላ የተማሪዎቹ ሥልጣን እየላላ ሄደ።

እግር የነገረውን ወረቀት እንዲናገር የተደረገው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በ1896 በአሜሪካ፥ በአዮዋ ግዛት የሲው ሲቲ ትምህርት ቤቶች የበላይ ኀላፊ የነበረው ክራትስ፥ 2,411 ልጆች ስለ ምርጥ መምህራቸው ጠባይ እንዲጽፉ አደረገ። ከሁሉ በላይ ተደጋግሞ የተገኘው መምህሩ የሚረዳቸው መሆኑ ነው፤ የመልኩንና የአለባበሱን ነገርም ብዙዎቹ ሳይጠቅሱ አላለፉም። በ1927 ደግሞ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ብራንደንበርግና ሬመርስ ዐሥር ነጥብ ያለው መመዘኛ አወጡ። ለተማሪ ማዘን፥ በማርክ አሰጣጥ አለማዳላት፥ የማወቅን ጉጉት መቀስቀስ ከነጥቦቹ መካከል ነበሩ፤ አለባበስም ከእነዚህ ጐን ተሰልፎ ነበር!

ሬመርስ ዕድሜውን በዚህ ጥናት ላይ አሳለፈ። በ1960ዎቹ የአሜሪካ ተማሪዎች ራሳቸው ድምፃችን ይሰማ ብለው አጥብቀው ጠየቁ፤ ከዚያ ወዲህ ወረቀቱ በብዙ ዩኒቨርሲቲ የመምህሩን እድገትና የሥራ ውል የሚነካ ሆነ። ለመምከር የተጀመረው ነገር ለመፍረድ ዋለ ማለት ነው። ታዲያ የሚፈረድበት መምህር ወረቀቱ በእውነት የሚለካው ምንድን ነው ብሎ ቢጠይቅ ማን ይቈጣዋል?

በ1973 የታተመ አንድ ጥናት ጥያቄውን አከረረው። ተመራማሪዎቹ አንድ የቴአትር ተዋናይ «ዶክተር ፎክስ» ብለው ሰየሙት፤ ስለማያውቀው የሒሳብ ዘርፍ እርስ በርሱ የሚጋጭና ፍሬ የሌለው ንግግር፥ በቀልድና በሞቀ አነጋገር አጅቦ እንዲያቀርብ አሠለጠኑት። የሰሙት በትምህርትና በሕክምና ሥራ ላይ ያሉ ዐዋቂዎች ነበሩ። አብዛኛዎቹ ንግግሩን አመሰገኑ፤ ተዋናይነቱን የነቃበት አልተገኘም።

በ2019 የወጣው የሐርቫርድ ፊዚክስ ጥናት ነገሩን ከሌላው ወገን አሳየ። አንዳንዶቹ ተማሪዎች የተዋጣ ንግግር ሲያዳምጡ፥ ሌሎቹ በቡድን ሆነው ራሳቸው እየደከሙ ጥያቄ ሠሩ። በፈተና የበለጡት የደከሙት ናቸው፤ «ብዙ ተማርን» ያሉት ግን ያዳመጡት ናቸው።

በእኔ ግምት ይህ ተማሪውን ሐሰተኛ አያሰኘውም። ልቡ መሞቁንና መሰልቸቱን፥ መከበሩንና መናቁን ከእርሱ የተሻለ የሚመሰክር የለም፤ ልቡ የሸሸ ተማሪም ምንም ቢነግሩት አይሰማም። ስሕተቱ የስሜትን ምስክርነት እንደ ዕውቀት ማስረጃ ቈጥሮ የመምህሩን እንጀራ በእርሱ ላይ ማንጠልጠል ነው። የሐርቫርዶቹ መምህራን ይህን አይተው፥ መድከም የመማር ምልክት መሆኑን በትምህርቱ መጀመሪያ ላይ ለተማሪዎቻቸው አስረዱ፤ ብዙዎቹም ውለው ዐድረው አስተያየታቸውን ለወጡ።